ትራቨርቲን ላይ የሰው ፊት ይወጣል? ቀዳዳው ግራ አጋብቶኛል

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 6

ሰላም ለቤቱ። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ቸግሮኝ መጣሁ።

የምኖረው ጣሊያን ነው፣ ከሮም ወጣ ብሎ። ከቲቮሊ በታች ባለው ሜዳ፣ ድንጋይ የሚሰነጠቅበት ግቢ ውስጥ ረዳት ነኝ። ማጠብ፣ መጥረግ፣ "ያዝልኝ" ሲሉኝ መያዝ። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከባቡር ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። የምንጩ ውሃ ድኝ አለው። በመጀመሪያው ሰሞን አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምሄደው። አሁን ሳይሸተኝ ሲቀር ነው የምደነግጠው።

ባለፈው ወር አለቃችን ጥጉ የተሸረፈ አንድ የትራቨርቲን ድንጋይ ብሎክ "ከፈለግክ ውሰደው" አለኝ። 45 በ40 በ70 ሴንቲ ነው። ለሽያጭ አይሆንም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ እንጨት እጠርባለሁ። የእጅ መስቀል፣ በርጩማ፣ ማንኪያ። ድንጋይ ግን ነክቼ አላውቅም።

ሐሳቤ የአያቴን ፊት ማውጣት ነው። ጥሩ ፎቶ አለኝ። ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ የዓይኗ ጥግ ሽብሽብ፣ ሹሩባዋ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ችግሩ ድንጋዩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አንዳንዱ መርፌ አያስገባም፤ አንዳንዱ አውራ ጣቴን ይውጣል። እዚህ ላይ ሽፋሽፍት ይወጣል? ምን ዓይነት መሮ ልያዝ? ድንጋይ የነካ ሰው ካለ አደራ።

ቡና_ቁርስ | ጥር 6

ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ እንጀራ ነው የሰጡህ። ገልብጠው፣ ጀርባው ልሙጥ ነው።

ሰላም_ጂኦ | ጥር 6

ቡና ቁርስ ሲቀልድ እውነቱን ተናገረ። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ ላይ ሲያመልጥ አይደል? እዚህም ጋዝ አለበት።

የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በዚያ ኃይሉ ከሥር ያለውን የኖራ ድንጋይ ያሟሟል። ከዚያ በምንጭ ሲወጣ፣ አምቦ ውሃ ስንከፍት ጠሽ እንደሚለው፣ ጋዙ ያመልጣል። ጋዙ ከሄደ ውሃው የተሸከመውን ኖራ መያዝ ያቅተዋል። እዚያው ያራግፈዋል። ድሬዳዋ ያደጋችሁ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ አስታውሱ። ነጭ ቅርፊቱን። ትራቨርቲን ማለት ያ ቅርፊት ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ ነው።

ቀዳዳው ሁሉ ግን የአረፋ አይደለም። ውሃው ዳር የበቀለ ሣርና ሸምበቆ በኖራ ይለበጣል። ተክሉ ይበሰብሳል፤ ባዶ ቱቦው ይቀራል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከላይ የምታየውን ቀዳዳ አትፍራው። የምትፈራው ውስጥ ያለውን ነው።

እኛም አገር ዘመዱ አለ። አዋሽ የሚያልቅበት አቤ ሐይቅ ዳር፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙት ሾጣጣ ድንጋዮች ከዚሁ ወገን ናቸው። ስሙ ግን ያንተው ሰፈር ነው። ሮማውያን ቲቮሊን ቲቡር ይሏት ነበር፤ ድንጋዩንም "የቲቡር ድንጋይ"። እየተንከባለለ ትራቨርቲን ሆነ።

መሮና_ሻሽ | ጥር 7

አዲስ አበባ ነኝ፤ የተማርኩት ቅርፃ ቅርፅ ነው። ትራቨርቲን ላይ ሦስት ሥራ ሠርቻለሁ። ሦስቱም ለሕንፃ ከውጭ መጥቶ ከተረፈ ቁራጭ ነው።

ቁርጡን ልንገርህ። ሽፋሽፍት አይወጣም። የዓይን ጥግ ሽብሽብ አይወጣም። ንቅሳቱም አይወጣም። ማለቴ፣ ልትቆርጠው ትችላለህ፤ ድንጋዩ ለመሮ እንደ እብነ በረድ ያለ ነው፣ እንደ ግራናይት አያስለቅስም። ግን ከንቅሳቱ አጠገብ ያለው ቀዳዳ ንቅሳቱን ይበልጠዋል። ሰው ሲያያት ፈንጣጣ የያዛት ሴት ነው የምትመስለው።

አንተ ደግሞ ትልቁ ትምህርት ቤት አጠገብ ነህ። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሂድ። ቀራፂውና አርክቴክቱ ቤርኒኒ ያቆማቸው 284 ዓምዶች ትራቨርቲን ናቸው። ከላይ የተሰለፉት 140 ቅዱሳንም ያው። እያንዳንዳቸው ከ3 ሜትር በላይ ናቸው። ስልክህን አጉልተህ ፊታቸውን እይ። ጢማቸው ሦስት አራት ጥልቅ ቦይ ነው። የልብሳቸው እጥፋት ክንድህን ያስገባል። ከታች ሆነህ ፊት የምታየው ጥላው ስለሚሠራልህ ነው።

ወይም እንግሊዛዊውን ቀራፂ ሄንሪ ሙርን ተመልከት። ፓሪስ ዩኔስኮ ግቢ ያለችው የተጋደመችው ሴት። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 የተሠራች፣ 5 ሜትር የምትረዝም፣ 39 ቶን። ድንጋዩ ያንተው ሰፈር ድንጋይ ነው። ሙር ለፊቷ ብዙ አልተጨነቀም። ሴት መሆኗን የሚስት ግን የለም።

ስለዚህ ፎቶውን አስቀምጥ። አያትህ ከሩቅ ስትመጣ እሷ መሆኗን በምን ነበር የምታውቀው? በሽፋሽፍቷ አይመስለኝም።

መሣሪያ፦ ሹል መሮ፣ ጥርሳም መሮ፣ ጠፍጣፋ መሮ። ሦስት ይበቃሃል። ጫፋቸው ካርባይድ ቢሆን ይመረጣል። መዶሻው 1 ኪሎ ገደማ፤ ከዚያ በላይ ክንድህን እንጂ ድንጋዩን አይጎዳውም። መሮውን ቀጥ አድርገህ እንዳትመታ። ጋደም አድርገው። ቀጥ ካለ ከሥር ያለው ይቀጠቀጣል፤ ነጭ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው የሚታይህ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስታለሰልስ ነው።

ከመጀመርህ በፊት ውሃ አፍስስበትና ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ስንጥቅ ካለ ሌላው ሲደርቅ እሱ እርጥብ መስመር ሆኖ ይቀራል። በመዶሻም ኳ አድርገው። ከጠራ ደህና ነው። እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ድምፁ ከታፈነ ንገረን።

ጋሽ_ቱንቢ | ጥር 7

ልጄ፣ እኔ ቀራፂ አይደለሁም። ግንበኛ ነኝ። ቨርጂኒያ 31 ዓመት ድንጋይ ለጥፌአለሁ። ትራቨርቲን ስንቱን ባንክና ስንቱን ሎቢ አልብሼዋለሁ።

ቀዳዳውን ድፈነውና ተገላገል። ኢፖክሲ፣ ያንን ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ፣ ታመጣለህ፣ የራሱን የድንጋዩን ዱቄት ትለውስበታለህ፣ ትሞላዋለህ፣ ትፈትገዋለህ። ማንም አይለየውም። እዚህ ካልደፈንን ብርዱ ሲገባ ውሃው ቀዳዳው ውስጥ በረዶ ይሆንና ይፈነቅለዋል።

ድንጋዩ ራሱ ግን ጠንካራ ነው፣ አትጠራጠር። ሮም ያለው የጥንቱ ስታዲየም፣ ኮሎሴዎም ላይ ያን ሁሉ ጉድጓድ አላየህም? ያ ሁሉ ቀዳዳ ኖሮበት ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሰላም_ጂኦ | ጥር 7

ጋሽ ቱንቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የኮሎሴዎም ጉድጓዶች የድንጋዩ አይደሉም። የዘራፊ ናቸው። ድንጋዮቹ እርስ በርስ የተያያዙት በብረት ማሰሪያ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሰው ብረቱን ፈልጎ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን ቆፈረው። ለዚህ ነው ጉድጓዶቹ በሥርዓት የተደረደሩት። የድንጋዩን የራሱን ቀዳዳ ለማየት መቅረብ አለብዎት።

ስለ ጥንካሬው ግን ትክክል ነዎት። 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ትራቨርቲን ነው እዚያ የገባው።

ጋሽ_ቱንቢ | ጥር 7

ተማርኩ። በ98 ሄጄ ያን ሁሉ ቲኬት ከፍዬ አስጎብኚው አልነገረኝም።

መሮና_ሻሽ | ጥር 8

ጋሽ ቱንቢ ለወለልና ለግድግዳ ያሉት ልክ ነው። ወለል ካልተደፈነ ቆሻሻ ይይዛል፣ ታኮ ይገባበታል። ለቅርፅ ግን አልስማማም። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ድንጋዩ በሌላ መንገድ ያረጃል፣ ኢፖክሲው በሌላ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፊቷ ላይ የተለጣጠፈ ፕላስተር ታያለህ። እኔ አንዱን ደፍኜ ነበር። አሁን ያ ሥራ ጓሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የቆመው።

ጋሽ_ቱንቢ | ጥር 8

ጥሩ ኢፖክሲ አልገዛሽም ማለት ነው።

መሮና_ሻሽ | ጥር 8

ይሁንልዎ ጋሼ። 😄

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 9

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኳ አደረግኩት፣ ጠራ። ውሃም አፈሰስኩበት። ስንጥቅ የለም።

አንድ ጥያቄ። ድንጋዩ እንደ ድርብርብ ቂጣ መስመር አለው። ነጣ ያለ፣ ክሬም፣ ቡናማ፣ መልሶ ክሬም። መስመሩ የሚሄደው በ70ው ርዝመት ነው። ብሎኩን ሳቆመው ንብርብሩ ፊት ለፊቴ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቆመ። ችግር አለው?

መሮና_ሻሽ | ጥር 9

አለው! እንኳን ጠየቅክ። እንደዚያ ከቀረፅከው አፍንጫዋ ከአንዱ ንብርብር፣ ጉንጯ ከሌላው ይሆናል። አንድ ቀን ለስላሳው ሲለቅ ፊቷ እንደ ልጣጭ ነው የሚነሳው።

ሁለት ምርጫ አለህ። ሩብ ዙር አዙረው፤ ንብርብሩ ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ። ያኔ ፊቷ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ታያለህ። ወይም ጭራሽ አጋድመው። ንብርብሩ መሬት ላይ ሲፈጠር እንደተኛው ይተኛ። ቁመቱ ያንስብሃል፣ ጎኑ ይሰፋል። ውጭ የሚቆም ከሆነ ያለ ጥርጥር ሁለተኛው።

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 9

ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን በከሰል ሣልኩት። እንባ መሰለ። አያቴ ደግሞ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አጋደምኩት።

ንጹሕ_ቤት | ጥር 10

ድንጋዩ ከቆሸሸ ሎሚና ኮምጣጤ ቀላቅላችሁ እሹት፤ ወለላችንን ሁሌ የማጸዳው በሱ ነው፣ ፏ ይላል።

ሰላም_ጂኦ | ጥር 10

ንጹሕ ቤት፣ ወለልሽ ሴራሚክ ከሆነ ይቅናሽ። ትራቨርቲን ከሆነ ግን እያጸዳሽው ሳይሆን እየበላሽው ነው። አንድ ጠብታ ሎሚ አድርጊበትና ጆሮሽን አስጠጊ። ይንሾካሾካል። ኖራው እየሟሟ ነው። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ሱቅ የሚሸጡት የሴራሚክ ማጽጃ አሲድም እንዳይነካው።

ንጹሕ_ቤት | ጥር 10

ወይኔ። ለካ ለዚያ ነው የደበዘዘው።

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 27

ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሠራሁ።

በሹሉ መሮ ጥጋጥጉን አወረድኩ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ እንጨት መሮህን ይይዝልሃል፣ ድንጋይ ያነጥረዋል። በሁለተኛው ቀን እጄ ለመደ። ድምፁን መስማት ጀመርኩ። ሙሉ ቦታ ላይ "ጥንግ" ይላል። ቀዳዳ ሲቀርብ "ጥፍ" ይላል። ሳላየው እያወቅኩት መጣሁ።

ትከሻዋ ወጣ። ጭንቅላቷ ወጣ። ሹሩባዋን ተውኩት፤ መሮና ሻሽ ልክ ነሽ፣ አይሆንም። ግን ግንባሯን እና የጉንጯን አጥንት አግኝቻቸዋለሁ። ቀና ብላ ታያለች። ጎረቤቴ ጣሊያናዊቷ አይታ "ኖና" አለች። አያት ማለት ነው። ማንም አልነገራትም።

ጋሽ_ቱንቢ | ጥር 27

ጎሽ። ማስክ ታደርጋለህ ወይ?

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 27

ሻርፕ አስራለሁ ጋሼ።

ጋሽ_ቱንቢ | ጥር 27

ሻርፕ ለብርድ ነው። ፊልተር ያለው ግዛ፣ ዛሬውኑ። አብሮኝ ሲሠራ የነበረ ሰው ዛሬ አሥር ደረጃ መውጣት አይችልም። እውነት ነው እሱ የቆረጠው ግራናይት ነበር፤ ግራናይት ሲሊካ አለው፣ ያንተው ኖራ ነው፣ ይሻላል። ግን ሳንባ የኖራ መጋዘን አይደለም። ግራይንደር ከያዝክ ደግሞ ከነመነጽሩ። በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየቆረጥክ ውሃ አትርጭ፣ ለውሃ የተሠራ ካልሆነ በቀር።

ከቲቮሊ_በታች | ጥር 28

ገዛሁ ጋሼ። ፎቶ አያይዣለሁ።

ከቲቮሊ_በታች | የካቲት 5

ተበላሸ።

የአፍንጫዋን ጎን እያወረድኩ ነበር። በጠፍጣፋው መሮ፣ ቀስ ብዬ። ድምፁ ደህና ነበር፣ እምላለሁ። ከዚያ መሮው ገባ። ቂቤ ውስጥ እንደገባ። የግራ ጉንጯ ከግማሽ አፍንጫዋ ጋር ተነስቶ ጫማዬ ላይ ወደቀ።

ውስጡ የእንቁላል ያህል ዋሻ ነው። ግድግዳው ላይ ቀጭን ቀጭን ቱቦ አለ፣ አንዱ ላይ የቅጠል ጅማት ሳይቀር ታትሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ቁራጩን በፌስታል አስቀምጬዋለሁ። ልለጥፈው?

ቡና_ቁርስ | የካቲት 5

አይዞህ ወንድሜ። ዛሬ አልቀልድም።

ጋሽ_ቱንቢ | የካቲት 5

ለጥፈው። ኢፖክሲ፣ ከዋሻው ግድግዳ ወደ ቁራጩ የሚገባ የማይዝግ የብረት ዘንግ፣ 24 ሰዓት ጨምቀህ እሰረው። ይይዛል። የኔ እጅ ቢኖር በአንድ ቀን ነበር።

መሮና_ሻሽ | የካቲት 5

ይይዛል፣ እሱን አልክድም። ግን መስመሩ መሐል ፊቷ ላይ ነው የሚሄደው። የምናየው ስፌቱን ነው የሚሆነው።

ገና ድንጋይ አለህ። ወደ ውስጥ ግባ። ፊቷን 6 ሴንቲ ወደ ኋላ ገፍተህ እንደገና ጀምር። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሲያበሳጭ አውቃለሁ።

ሰላም_ጂኦ | የካቲት 6

ያ ቅጠል ግን! ሎስ አንጀለስ ያለው ጌቲ ማዕከል 16,000 ቶን ትራቨርቲን ካንተ ሰፈር አስጭኖ ነው የለበሰው። እዚያ ሆን ብለው ድንጋዩን በመጋዝ ሳይሆን በመሰንጠቅ ከፈሉት፤ ውስጡ ያለው ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ ላባ እንዲታይ። ሰው ሄዶ እሱን ነው የሚፈልገው። አንተ በነጻ አገኘህ። (ቁስልህ ላይ ጨው እየነሰነስኩ እንዳይመስልህ።)

ናቮና_አጠገብ | የካቲት 7

ሰላም። እኔ ስለ ድንጋይ አላውቅም። ሮም ነኝ፣ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ፣ ቤታቸው ፒያሳ ናቮና አጠገብ ነው። በየጠዋቱ በዊልቸር ፏፏቴው ድረስ እወስዳቸዋለሁ። ፀሐዩን ይሞቃሉ፣ እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ።

የአራቱን ወንዞች ፏፏቴ ማለቴ ነው። አራት ግዙፍ ሰዎች አሉ፤ ዳኑብ፣ ጋንጀስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ፣ አንዱ ደግሞ የኛው ዓባይ። እነሱ ናይል ይሉታል። ፊቱን ተከናንቧል። ጨርቅ በራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በእጁ ይዞ፣ አይታይም። አሮጊቷን ስጠይቃቸው "ያኔ ምንጩ የት እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው" አሉኝ። እኔ ሰከላ ነው የተወለድኩት! ግሽ ዓባይ ጸበል ሳልጠመቅ የቀረሁበት ዓመት የለም። ሳቄ መጣ።

ለማለት የፈለግኩት፣ ፊት የሌለው ሰው እንደሆነ እያወቅኩ በየቀኑ የማየው እሱን ነው። የሦስቱን ፊት ንገሪኝ ብትሉኝ አላስታውስም። አያትህ ነጠላ አልነበራትም?

ከቲቮሊ_በታች | የካቲት 7

እህቴ፣ ምን ብዬ ልመልስልሽ። ነበራት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እስከ ቅንድቧ ታወርደው ነበር። እሑድ እሄዳለሁ።

ሰላም_ጂኦ | የካቲት 7

ናቮና አጠገብ፣ ቀኔን አደመቅሽው። ያ የቤርኒኒ ፏፏቴ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ሚሲዮናዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618። 33 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሰከላ ያለ ገበሬ ደግሞ ማንንም አልጠበቀም።

አስጎብኚዎች ሌላም ወሬ አላቸው። "ናይል ፊቱን የሸፈነው ፊት ለፊቱ ያለውን፣ የቤርኒኒ ተፎካካሪ የነበረውን የአርክቴክቱን የቦሮሚኒን ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው" ይላሉ። የማይሆን ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግንባታው የተጀመረው ፏፏቴው ካለቀ በኋላ ነው።

መሮና_ሻሽ | የካቲት 8

ስትሄድ አንድ ነገር አስተውል። አራቱ ሰዎች እብነ በረድ ናቸው። ከሥራቸው ያለው ዐለት ግን፣ ያ መሐሉ ዋሻ የሆነው፣ ትራቨርቲን ነው። አንበሳውና ፈረሱ፣ የዘንባባው ዛፍም ከዐለቱ ጋር አብረው ትራቨርቲን ናቸው። ለስላሳ ሥጋ በእብነ በረድ፣ ሻካራ ነገር በትራቨርቲን። ቤርኒኒ የትኛው ድንጋይ ምን እንደሚችል ያውቅ ነበር። ከናይል ጨርቁን ውሰድ፤ አሠራሩን ግን ከዐለቱ ተማር።

ከቲቮሊ_በታች | የካቲት 11

ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አየኝ።

የአንበሳው ጋማ ሽክርክር እያለ ተቆርጧል፤ ቀዳዳዎቹ እዚያው ጋማው ውስጥ ይጠፋሉ። ፀጉር ይሁኑ ቀዳዳ አትለይም። የዘንባባው ግንድም እንደዚያው። ለስላሳ የሆነ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ግን ጉንጭ ለማለስለስ ሦስት ሳምንት ስታገል ነበር።

ናይል ጨርቁን የያዘበት እጅ ደስ አለኝ። አያቴም ነጠላዋን በአገጯ ሥር በእጇ ትይዝ ነበር፣ ነፋስ ሲኖር።

መሮና_ሻሽ | የካቲት 11

እጁን እንዳትረሳ። ግን ጣቶቹን አትለያይ። አንድ ላይ ይሁኑ፣ እንደ ጭብጥ። የተለያየ ጣት በዚህ ድንጋይ ይሰበራል።

ከቲቮሊ_በታች | መጋቢት 19

አለቀች መሰለኝ። ፎቶ አያይዣለሁ፣ አራት ጎኗን።

ዋሻው ያለበት ቦታ አሁን የነጠላው ጥላ ነው። አልደፈንኩትም። ትንሽ አሰፋሁት። ነጠላው ከላይ መጥቶ እስከ አፏ ወርዷል፤ የሚታየው አገጯና እጇ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላለች። አገጯን ብቻ አለሰለስኩ፤ በውሃ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከ80 ቁጥር ጀምሬ እስከ 220። ከዚያ በላይ ብሄድ ብልጭልጭ ይልና ቀዳዳው ይበልጥ ይጮኻል። ሌላው ሁሉ የጥርሳሙ መሮ ፈለግ ነው። ከሩቅ ሲታይ የጥጥ ፈትል ይመስላል።

ቡናማው መስመር ደግሞ የት እንደወደቀ አይታችኋል? የነጠላው ጫፍ ላይ ነው። ጥለት። እኔ አላደረግኩትም።

ለእናቴ በዋትስአፕ ላክሁላት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ምነው አጎነበስካት፣ ያኔ ወገቧን ገና አላመማትም ነበር" አለችኝ።

ናቮና_አጠገብ | መጋቢት 19

እልልልል። አሮጊቷንም አሳየኋቸው። ስልኩን አልመልስም አሉኝ።

ጋሽ_ቱንቢ | መጋቢት 19

ልጄ፣ ኮርቻለሁ። ኢፖክሲው ግን ይይዝ ነበር።

ሰላም_ጂኦ | መጋቢት 20

የት ልታስቀምጣት ነው? ቤት ውስጥ ከሆነ ከእሳት ምድጃ አርቃት። ቪትሩቪየስ የሚባለው ሮማዊ የሕንፃ ባለሙያ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ጽፎታል፤ ይህ ድንጋይ ሸክምም ዝናብም ይችላል፣ እሳት ሲነካው ግን ይሰነጠቃል። ድንጋይ ቢሆንም ኖራ ነው።

ከቲቮሊ_በታች | መጋቢት 20

አሁን በረንዳ ላይ ናት። ሐሳቤ አገር ቤት፣ እናቴ ግቢ መውሰድ ነው። ብሎኩ ሲጀመር 300 ኪሎ ገደማ ነበር። በሜትር ኩብ 2.4 ቶን አስልቼ ነው። አሁን ስገምት ከ150 እስከ 170። በመርከብ የላከ አለ? እስከ ጅቡቲ ድረስ ያለውን አላስበውም፤ ከሦስተኛ ፎቅ እንዴት እንደማወርዳት ነው የጨነቀኝ። ሊፍቱ 300 ይላል፣ ግን ሁሌም ይቆማል።

ቡና_ቁርስ | መጋቢት 20

ቆይ፣ 300 ኪሎ ድንጋይ ሦስተኛ ፎቅ ማን አወጣው?

ከቲቮሊ_በታች | መጋቢት 20

ያኔ ሊፍቱ ይሠራ ነበር።

ጋሽ_ቱንቢ | መጋቢት 20

ሊፍቱን እርሳው። ሰፊ ጣውላ፣ ሁለት ገመድ፣ አራት ሰው። ገመዱ እጇ ላይ እንዳያርፍ፤ ከሥሯ ነው የሚታሰረው። ከታች በኩል የሚቆም ሰው አይኑር። ሁሉም ከላይ ይዞ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ነጠላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ከመነሳታችሁ በፊት ፎቶ ላክልኝ፣ አስተሳሰሩን ልየው።